ፕሬዝዳንት ሲቀየር ዶላሩም ይቀየራል ወይ?

ባለፈው እትም ስለ ምንዛሪ ትንሽ ነገር ጫር አድርጌ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግማሹ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ነው፦ መሪ ሲቀየር ኑሮ ለምን አይቀየርም፣ ወይ ደግሞ ለምን ይብሳል። አምስቱን መርጫለሁ። ስም አላወጣም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፣ ከቤሩት

ሊባኖስ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። ድሮ ደሞዜን በዶላር ነበር የምቀበለው፣ ችግሩ ሲመጣ ማዳም በሊራ መክፈል ጀመረች፣ ከዛ እሱንም አቆመች። የ14 ወር ደሞዝሽ ባንክ አለ ግን ባንኩ አልሰጥም አለኝ ነው የምትለኝ። አሁን ደግሞ አዲስ ፕሬዝዳንት ከመጣ ጀምሮ "ትንሽ ጠብቂ ይስተካከላል" ሆነ ወሬው። እውነት ሰው ስለተቀየረ ባንኩ ይለቃል? ወይስ ቁርጤን አውቄ ሀገሬ ልግባ?

መልስ

እህቴ መጀመሪያ ስለ ብርሽ ላውራ፣ ፖለቲካው ይደርሳል። ማዳም የምትለው ግማሽ እውነት አለው፣ ባንኮቹ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የድሮውን ዶላር ቆልፈውታል። ግን አዲስ የገባ ዶላር፣ እዛ ሁላችሁም "ፍሬሽ" የምትሉት፣ አልተቆለፈም። ማዳም የጀነሬተሩን በምን ነው የምትከፍለው? የሱፐርማርኬቱንስ? በፍሬሽ ነው እኮ። ስለዚህ ያንቺ ደሞዝ ከተቆለፈው ባንክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ውዝፉን በየወሩ ከመደበኛው ደሞዝ ጋር እየጨመረች እንድትከፍልሽ ተነጋገሪ፣ የስንት ወር እንደሆነና ስንት እንደሆነ ደግሞ በጽሁፍ ይሁን፣ ፈርማ ትስጥሽ። የፕሬዝዳንት ምርጫ እየጠበቅሽ ደሞዝሽን አታዘግዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሊባኖስ ውስጥ ሰው አልተቀየረም ማን አለ? በኦክቶበር 2019 በዋትሳፕ መደወል በወር 6 ዶላር ይከፈልበታል ሲባል ህዝቡ መንገድ ወጣ፣ በ12 ቀን ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳድ ሀሪሪ ለቀቀ። ሀሰን ዲያብ መጣ። በማርች 2020 የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ አንከፍልም አለ፣ በሀገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ኦገስት 4 ወደቡ ፈነዳ፣ ከ200 ሰው በላይ ሞተ፣ በሳምንቱ ዲያብም ለቀቀ፣ ግን ተተኪ ስላልተገኘ ለ13 ወር "ጠባቂ መንግስት" ሆኖ ተቀመጠ። በመሀል ሙስጠፋ አዲብ ሞክሮ በወሩ ተወው፣ ሀሪሪ ተመልሶ ዘጠኝ ወር ሞክሮ ተወው፣ ናጂብ ሚካቲ በሴፕቴምበር 2021 መንግስት አቋቋመ። ከዛ በ2022 መጨረሻ የፕሬዝዳንቱ የሚሼል አውን ዘመን አለቀና የፕሬዝዳንቱ ወንበር ጭራሽ ባዶ ሆነ፣ ፓርላማው 12 ጊዜ ተሰብስቦ ሰው መምረጥ አቃተው፣ በ13ኛው ነው በጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ጆሴፍ አውን የተመረጠው። ከሁለት ዓመት በላይ ፕሬዝዳንት የሌለው ሀገር ማለት ነው። (ሰፈር ውስጥ እድር እንኳን ዳኛ ሳይኖረው ሁለት ዓመት አይቀመጥም።)

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ወንበሩ ሲሽከረከር አንድ ሰው ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ እንደነበር ላሳይሽ ነው። የማዕከላዊ ባንኩ ገዢ ሪያድ ሰላሜ ከ1993 እስከ ጁላይ 2023 ለ30 ዓመት ገንዘቡን የያዘው እሱ ነው። ሊራውን ከ1997 ጀምሮ በዶላር 1,507 ላይ ቸንክሮ ያቆመው እሱ ነው፣ ባንኮቹ ከዲያስፖራው በትልቅ ወለድ ዶላር ይሰበስባሉ፣ ለማዕከላዊ ባንኩ ያበድራሉ፣ እሱ ደግሞ በዛ ሊራውን ይደግፋል መንግስትንም ያበድራል፣ የድሮው አስቀማጭ ሲመጣ በአዲሱ አስቀማጭ ብር ይከፈለዋል። እቁብ ነው በይው፣ ግን ዕጣው የማይደርሳቸው ሰዎች ያሉበት እቁብ። አዲስ ዶላር መምጣት ሲያቆም ከስር ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀዳዳ ተገኘ።

በ2020 የዲያብ መንግስት ቀዳዳው ይሄን ያህላል፣ ባንኮቹና ባለቤቶቻቸው ይሸከሙ ብሎ ፕላን አወጣ። ማዕከላዊ ባንኩና ባንኮቹ አይ ቁጥሩ ትክክል አይደለም አሉ፣ የፓርላማው ኮሚቴም ከነሱ ጋ ወግኖ ትንሽ ቁጥር ይዞ መጣ። አይ ኤም ኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) ቁጭ ብሎ ሁለት ቁጥር ይዘው የመጡ የአንድ ሀገር ሰዎችን ያያል፣ ከማን ጋ ይነጋገር? በ2022 ኤፕሪል ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር፣ ቅድመ ሁኔታዎቹ ሳይሟሉ ቀሩ። ሊራው በጥቁር ገበያ በማርች 2023 ከ100,000 አለፈ። ከ1,507 ተነስቶ ማለት ነው! ያንን ኪሳራ ማን ከፈለው ብትይኝ በሊራ ደሞዝ የሚበላው ወታደርና አስተማሪ፣ እናንተም ጭምር። በጁን 2020 አሰሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ከነሻንጣቸው የጣሏቸውን እህቶች አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

አሁንስ? አሁን ትንሽ ለየት ያለው የፕሬዝዳንቱ መመረጥ ብቻ ሳይሆን በ2025 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ናዋፍ ሰላም፣ አዲስ የማዕከላዊ ባንክ ገዢም መምጣታቸው ነው። ሰላሜ ራሱ በሴፕቴምበር 2024 ታስሮ ነበር። የባንክ ሚስጥር ህጉም በ2025 ላልቷል። ይሄ ከስድስት ዓመት ወሬ ይሻላል። ግን ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ነገር እስካልተፈረመ ድረስ የተቆለፈው ይለቃል ብለሽ አንድ ቀን እንኳን ሀገር መግባትሽን እንዳታዘገዪ። ደሞዝሽ ግን ሌላ ነገር ነው አልኩሽ፣ እሱን ተቀበዪ።

ጥያቄ፣ ከኩዌት

አብራኝ የምትሰራ ሲሪላንካዋ ጓደኛዬ እኛ ፕሬዝዳንታችንን አባረን በቃ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ትለኛለች። እውነቷን ነው? እኔ ስልኬ ላይ ሰዎቹ ቤተ መንግስት ገብተው ዋና ሲዋኙ አይቻለሁ፣ ከዛ በኋላ የሆነውን ግን አላወቅኩም።

መልስ

ጓደኛሽ ግማሹን ነው የነገረችሽ፣ እሷም ብትሆን ከኩዌት ሆና ስለሆነ አልፈርድባትም።

ያባረሩት ፕሬዝዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ በ2019 መጨረሻ ሲመጣ ወዲያው ታክስ ቆረጠ፣ ቫቱን ከ15 ወደ 8 በመቶ። ህዝቡ ደስ አለው፣ የመንግስት ካዝና ግን ተራቆተ። ከዛ ኮሮና መጣ ቱሪስት ጠፋ። በ2021 ደግሞ ድንገት ተነስቶ ከውጪ የሚገባ የኬሚካል ማዳበሪያ ከለከለ፣ ገበሬው ሩዙም ሻዩም ሲወድቅበት በዛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ሀሳቡን ቀየረ፣ ምርቱ ግን አለፈ። እና ለአንቺና ለጓደኛሽ የሚመለከተው ይሄኛው ነው፦ ሩፒውን በዶላር 200 አካባቢ በግድ ያዙት፣ ጥቁር ገበያው ደግሞ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚህ እንደጓደኛሽ ያሉ አረብ ሀገር ያሉ ሰዎች በባንክ መላክ አቆሙ። አንቺ ብትሆኚ ትልኪ ነበር? በ2021 ወደ 5.5 ቢሊዮን የነበረው ሀዋላ በ2022 ወደ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ወረደ። ሀገሪቱ ለቤንዚን የሚሆን ዶላር አጣች፣ ሰው ቀንና ሌሊት ሰልፍ ላይ አደረ።

አሁን ቀኑን እይልኝ። ጎታባያ የሸሸው በጁላይ 13 ቀን 2022 ነው፣ ዋናው የተዋኘውም በዛው ሰሞን ነው። ግን በኢኮኖሚው ውስጥ ነገሩ መዞር የጀመረው ከዛ ሶስት ወር በፊት በኤፕሪል ነው። የማዕከላዊ ባንኩ ገዢ ለቀቀና ናንዳላል ዊራሲንጌ የሚባል ለረጅም ጊዜ ባንኩ ውስጥ የሰራ ሰው መጣ፣ በገባ በቀናት ውስጥ ወለዱን በአንዴ በ7 ፐርሰንት ነጥብ ሰቀለው፣ በዛው ወር ሀገሪቱ የውጪ እዳ መክፈል አቆምኩ ብላ በግልጽ ተናገረች። ሩፒው ትንሽ ቀደም ብሎ በማርች ተለቆ ነበር። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጎታባያ ወንበሩ ላይ ነው! ካሜራው ያየው ዋናውን ነው፣ ስራው የተጀመረው ግን ማንም ካሜራ ይዞ የማይሄድበት ህንጻ ውስጥ ነው።

ከጎታባያ በኋላ የመጣው ራኒል ዊክረመሲንጌ ህዝቡ የመረጠው አይደለም፣ ፓርላማው ነው፣ እና ብዙም የሚወደው አልነበረም፣ ግን የማዕከላዊ ባንኩን ገዢ አልነካውም፣ ፕላኑንም አላቆመም። በማርች 2023 ከአይ ኤም ኤፍ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ። 70 በመቶ ደርሶ የነበረው ኢንፍሌሽን በ2023 አጋማሽ ከ10 በታች ወረደ። ሀዋላውም ባንኩና ጥቁር ገበያው ሲቀራረቡ በ2023 ወደ 6 ቢሊዮን ተጠጋ፣ ማንም "ሀገራችሁን ውደዱ" ብሎ ስለሰበከ አይደለም፣ የምንዛሪ ሬቱ ስለተስተካከለ ነው።

ግን "ሁሉም ተስተካከለ" አይባልም። መብራት በ2022 ኦገስት በ75 በመቶ፣ በ2023 ፌብሩዋሪ እንደገና በ66 በመቶ ጨመረ። ቫቱ 18 ገባ። ድህነት እጥፍ ሆነ። እና ራኒል በሴፕቴምበር 2024 ምርጫ ሶስተኛ ወጣ፣ 17 በመቶ። መድሀኒቱን የሰጠው ሰው ነው ተራጋሚ የሚበዛበት፣ ይሄ የታወቀ ነው። ያሸነፈው አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ ግራ ዘመም ነው፣ ከምርጫው በፊት ስምምነቱን እንደገና እንነጋገርበታለን ይል ነበር፣ ከገባ በኋላ ግን ዋናውን መስመር ይዞ ቀጠለ፣ ዊራሲንጌንም አልነካውም። ለጓደኛሽ ሰላም በያት፣ እና በባንክ እየላከች እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

የሞባይል አክሰሰሪ ነው የምሸጠው። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲመጣ ጥቁር ገበያው ላይ ዶላር ወረደ፣ እኔም ደንግጬ በኪሳራ ሸጥኩ፣ ከዛ ቀስ በቀስ ተመልሶ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ ማንም አልተቀየረም ግን የባንኩ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሎጂኩ ምንድነው? ሰው ሲቀየር ይወርዳል ሰው ሳይቀየር ይወጣል?

መልስ

ወንድሜ አንተ ሳታውቀው ጥሩ ጥያቄ ጠየቅክ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የተቀየረው ተስፋ ነው፣ ዶላር የያዘ ሰው ሁሉ ሊወርድ ይችላል ብሎ ከፍራሽ ስር አወጣው፣ በዛ ላይ በጁን 2018 ኤምሬትስ 3 ቢሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለች፣ 1 ቢሊዮኑ ቀጥታ ብሔራዊ ባንክ የሚቀመጥ። ገበያ ውስጥ ዜናም እቃ ነው፣ ዋጋ አለው፣ ግን እንደቲማቲም ነው አይቆይም። ከዛ በኋላ ግን የምናስገባውና የምንልከው ያው ነው፣ የጎደለው ያው ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ወደነበረበት ለመመለስ መንገዱን አልረሳም። አንተን የጎዳህ የዜናውን ዋጋ የእቃው ዋጋ መስሎህ መሸጥህ ነው፣ አይዞህ ብዙ ሰው ነው እንደዛ የሆነው።

የ2016 ዓ.ም.ቱ ግን የፖሊሲ ለውጥ ነው። ቤተ መንግስቱ ያው ሰው ነው፣ ከስር ግን ብዙ ነገር ተለዋውጦ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በጃንዋሪ 2023 ማሞ ምህረቱ ገዢ ሆኖ መጥቷል፣ በዲሴምበር 2023 ሀገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች፣ አበዳሪው አይ ኤም ኤፍ ደግሞ ሬቱን ካልለቀቃችሁ አላወራም ብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሬቱ ተለቀቀ፣ አይ ኤም ኤፍ በዛኑ ቀን 3.4 ቢሊዮን አጸደቀ፣ 57 አካባቢ የነበረው የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ያንተ አቅራቢ ግን ድሮም በ57 አልነበረም የሚያስገባው፣ ስለዚህ ቻርጀሩ ላይ ያየኸው ጭማሪ ወሬው ያህል አልሆነም፣ አይደል? መድሀኒትና ዘይት ላይ ነው የበረታው።

አርጀንቲና ውስጥም ሰዉ ዲሴምበር 2001 ፕሬዝዳንቱን በሄሊኮፕተር ሸኝቶ በሁለት ሳምንት ግድም አምስት ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አየ። አንዱ ሮድሪጌዝ ሳአ ለሳምንት ብቻ ነው የቆየው፣ በዛች ሳምንት እዳ አንከፍልም ሲል ኮንግረሱ ቆሞ አጨበጨበለት። ዱዋልዴ መጥቶ አንድ ለአንድ የነበረውን ፔሶ ለቀቀው፣ ዶላር 4 ፔሶ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ነገሩ የረጋው በኤፕሪል 2002 ላቫኛ የሚባል የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሲመጣ ነው፣ በ2003 ኪርሽነር ተመርጦ ሲገባ ላቫኛን አስቀረው፣ እስከ 2005 ሰራ። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ትልቅ ዜና ስትሰማ ከመሸጥህ በፊት ገንዘቡን የያዘው ሰው ተቀይሯል ወይ፣ ወይስ ከላይ ያለው ብቻ ነው ብለህ አጣራ።

ጥያቄ፣ ከለንደን

ታክሲ ነው የምነዳው፣ በ2022 ሞርጌጄን ሳድስ ከ6 በመቶ በላይ መታኝ። የዛኔዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስን ልራገማት ወይስ አጋጣሚ ነው?

መልስ

ትንሽ ተራገም፣ ሁሉንም ግን በሷ ላይ አታድርገው፣ ወለዱ በዛን ሰሞን በየሀገሩ እየወጣ ነበር። የሷ ስራ በሴፕቴምበር 23 ከየት እንደሚመጣ ያልተነገረ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የታክስ ቅነሳ ማሳወቅ ነው፣ በሶስተኛው ቀን ፓውንድ 1.03 ዶላር ደረሰ፣ የእንግሊዝ ባንክ የጡረታ ፈንዶቹ እንዳይወድቁ ቦንድ መግዛት ጀመረ። ገበያው የተረጋጋው ደግሞ እሷ ስትወርድ አይደለም፣ ገንዘብ ሚኒስትሩን አባራ ጄሬሚ ሀንት መጥቶ ኦክቶበር 17 ሁሉንም ማለት ይቻላል ሲሰርዘው ነው። እሷ እሄዳለሁ ያለችው ከዛ በሶስተኛው ቀን ነው። ያንተ ግን ሁለት ዓመት ፊክስድ ከሆነ አልፏል፣ ብሮከርህን ደውልለት።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ ጡረተኛ መምህር

እናንተ ልጆች መሪ ኢኮኖሚውን እንዴት ይቀይረዋል ትላላችሁ። እኔ ያየሁት ተገላቢጦሹን ነው። በ1966 ዓ.ም. ቤንዚን ነው መሪውን የቀየረው። ይሄን ለምን አትጽፉም?

መልስ

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ተገሰጽኩ። ከአረብና እስራኤል ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል መንግስት ቤንዚኑ ላይ ጨመረ፣ ታክሲው ግን ታሪፍ መጨመር አልተፈቀደለትም፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፣ እናንተ መምህራንም በሴክተር ሪቪው (የትምህርት ለውጥ ዕቅዱ) የተነሳ በዛኑ ቀን አደማችሁ። መንግስት ምን አደረገ? የቤንዚኑን ቀነሰ፣ ሴክተር ሪቪውን አቆየ፣ ለወታደሩ ደሞዝ ጨመረ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድን አስለቅቆ እንዳልካቸው መኮንንን አመጣ። ዛሬ ያየናቸው ሀገሮች የሚያደርጉትን ነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያደረገው። አልበቃም፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሱ ወረዱ።

ግን አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ እርስዎም የኖሩበት ነው። ከዛ በኋላ ባንኩም ፋብሪካውም መሬቱም የመንግስት ሆነ፣ የሀገሪቱ ኢኮኖሚ ከስሩ ተገለበጠ፣ ዶላር ግን በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነው። ድርቁ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ 2 ከ7። መንግስቱ ኃይለማርያም ሄደ፣ አሁንም 2 ከ7። ኢህአዴግ ከገባ ከ16 ወር በኋላ ነው በመስከረም 1985 ዓ.ም. በአንድ ቀን 5 ብር የሆነው። በንጉሱ ዘመን የተተመነች ዋጋ ንጉሱንም ደርግንም ቀብራ ነው የሞተችው።

የዛን መስከረም ደሞዝዎ ስንት እንደነበር የሚያስታውሱ ከሆነ ይላኩልኝ፣ የጤፉንም ዋጋ ካስታወሱ ጨምረው፣ በሚቀጥለው እትም አብረን እናሰላዋለን።